ዶክተር አክሊሉ ለማና የምርምር ወሰን

በጤና ጥበቃ ሥራ የተሠማራ ሰው ሁሉ ይቈጥራል። መዝገብ ያዡ የገባውንና የወጣውን በሽተኛ፣ የላቦራቶሪ ሠራተኛው በማይክሮስኮፕ ሥር ያየውን የትል እንቁላል፣ ነርሷ የትኩሳቱን መጠንና የልብ ትርታውን ይቈጥራሉ። ይህ ሁሉ ቁጥር ተሰብስቦ በአንድ ወረቀት ላይ ከሰፈረ በኋላ ስሙ ማን ይባላል? ምርምር ነውን? ወይስ የተሠራውን ሥራ ከታዘዘው ጋር የሚያመዛዝን የሥራ ምርመራ፣ በተለመደው አጠራሩ ኦዲት? ወይስ ሁለቱንም ሳይሆን አገልግሎትን በየጊዜው ለማሻሻል የሚደረግ ጥረት? ነገሩ የስም ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሰዋስው ሊቃውንት በተተወ ነበር። ነገር ግን ከስሙ ጋር አብረው የሚመጡ ሦስት ነገሮች አሉ፤ ይኸውም ከማን ፈቃድ እንደሚጠየቅ፣ ጉዳት ቢደርስ ኃላፊው ማን እንደሆነና ውጤቱን ከቦታው ውጭ የሚያምነው ማን እንደሆነ ነው። ይህን ጥያቄ በኢትዮጵያ ምድር ከዶክተር አክሊሉ ለማ የሕይወት ታሪክ አብልጦ የሚያስረዳ ማግኘት ያስቸግራል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አክሊሉ ለማ በ1935 ተወለዱ። ከፍተኛ ትምህርታቸውን በአሜሪካ ተከታትለው በ1964 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕርግ ተቀበሉ። ብዙ ሰው ዶክተር በመባላቸው ሐኪም ይመስሉታል፤ እርሳቸው ግን በሽተኛ የሚያክሙ ሳይሆኑ በሰውና በእንስሳት አካል ውስጥ የሚኖሩ ጥገኛ ተሕዋስያንን የሚመረምሩ ሳይንቲስት ነበሩ። ይህን መለየቱ ዋጋ አለው። ሐኪም ከሁሉ አስቀድሞ በፊቱ የተቀመጠውን አንድ በሽተኛ ያያል፤ ተመራማሪ ደግሞ ከበሽተኛው ጀርባ ያለውን፣ ገና መልስ ያልተገኘለትን ጥያቄ ያያል። ሁለቱ ዓይኖች በአንድ ሰው ላይ ሲገኙ መልካም ነው፤ የትኛው ዓይን በየትኛው ሰዓት እንደሚያይ ካልታወቀ ግን ችግር ይፈጠራል። በዚያው በ1964 የዓለም ሐኪሞች ማኅበር በሄልሲንኪ ከተማ ተሰብስቦ በሰው ላይ የሚደረግ ምርምር የሚመራበትን መግለጫ ማጽደቁ የአጋጣሚ ነገር ቢሆንም ለዚህ ታሪክ የተመቸ አጋጣሚ ነው።

ወጣቱ ምሁር ወደ አገራቸው እንደተመለሱ የቢልሃርዚያን ነገር ለማጥናት ወደ ዓድዋ ተጓዙ። ቢልሃርዚያ እንደሚታወቀው ውሃን የሙጥኝ ያለ በሽታ ነው። የትሉ እንቁላል ከበሽተኛው ዓይነ ምድር ጋር ወጥቶ ውሃ ሲያገኝ ይፈለፈላል፤ የተፈለፈለውም እጭ የሚስማማውን ቀንድ አውጣ ፈልጎ ይገባበታል፤ በቀንድ አውጣው ውስጥ ለሳምንታት ከተራባ በኋላ ወደ ውሃው ተመልሶ የሚታጠብ፣ የሚሻገር ወይም የሚዋኝ ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ስለዚህ ቀንድ አውጣው ከጠፋ ሰንሰለቱ ይበጠሳል ማለት ነው። በዚያ ዘመን ቀንድ አውጣ የሚገድሉ ኬሚካሎች ከውጭ አገር በውድ ዋጋ የሚገዙ ስለነበሩ ለድሃ አገር የሚያዋጡ አልነበሩም።

በዓድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች ልብስ ያጥቡ ነበር፤ የሚያጥቡትም ከጥንት ጀምሮ እንደ ሳሙና በሚያገለግለው በእንዶድ ፍሬ ነበር። ዶክተር አክሊሉ ከአጣቢዎቹ በታች ባለው የወንዙ ክፍል የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተንሳፈው ተመለከቱ። ከአጣቢዎቹ በላይ ያሉት ግን በሕይወት ነበሩ። በሕይወት ያሉትን ለቅመው በዕቃ ካደረጉ በኋላ ከሴቶቹ አንዷ ከእንዶዱ አረፋ ጨመር እንድታደርግባቸው ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ።

ታሪኩ ብዙ ጊዜ ከመነገሩ የተነሣ ተረት ወደ መምሰል ደርሷል። ነገር ግን በዚያች ቅጽበት የሆነውን በጥሞና መመልከት ይገባል። ሴቶቹ እንዶድ ልብስ እንደሚያነጻ ያውቁ ነበር፤ ይህ ከእናት ወደ ልጅ የተላለፈ የሥራ እውቀት ነው። ተመራማሪው ያመጡት አዲስ ነገር እንዶዱን ሳይሆን ጥያቄውን ነው። ከላይና ከታች ያለውን አነጻጸሩ፤ ከንጽጽሩ ግምት አወጡ፤ ግምቱን ሐሰት ሊያደርገው በሚችል ፈተና ፈተኑት። መልሱን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው በዚያ ወንዝ ዳር አልነበረም። የምርምር መነሻው ይህ ነው፤ ውድ መሣሪያም፣ ነጭ ካባም፣ የታተመ ቅጽም አይደለም።

የመጀመሪያው አጭር ዘገባ በ1965 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ታተመ። በ1966 ዶክተር አክሊሉ በዩኒቨርሲቲው ሥር የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ። በእንዶድ ፍሬ ውስጥ ያለው ገዳይ ንጥረ ነገር ሳፖኒን ከሚባሉት ወገን ሲሆን፣ በካሊፎርኒያ በሚገኘው በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ተጣርቶ ሲወጣ በእርሳቸው ስም ለማቶክሲን ተባለ። የሥራ ባልደረባቸው የእርሻ ሊቁ ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበውና አፍልተው በምርታቸውና በኃይላቸው አወዳደሩ፤ 44 ቁጥር የተሰጠው ዓይነት ከተመረጡት ዋነኛው ሆነ። የዚህ ሰው ድካም ብዙ ጊዜ በቅንፍ ውስጥ ይቀራል፤ ያለ እርሱ ግን እንዶድ በቂ ምርት የሚሰጥ ተክል መሆኑ አይታወቅም ነበር።

የዶክተር አክሊሉ ስም ከዓድዋ ጋር የተጣመረ ስለሆነ በአዋሽ ሸለቆ የሠሩትን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። የቆቃ ግድብ በ1960 ካለቀ በኋላ አዋሽ ዓመቱን ሙሉ የሚታዘዝ ወንዝ ሆነ። አዳማ፣ በዚያን ጊዜ ስሟ ናዝሬት፣ የዚህ አዲስ የመስኖ አገር መናኸሪያ ነበረች። ከከተማዋ በስተ ደቡብ በወንጂ የሆላንድ ኩባንያ ያቋቋመው ስኳር ፋብሪካ በ1954 ሥራ ጀምሮ ነበር፤ የሸዋው ፋብሪካም ተከተለ፤ ከዚያም ወደ ታች በመተሐራ ሌላ የሸንኮራ እርሻ ተዘረጋ። ለሸንኮራው የተቈፈረው ቦይ ቀስ ብሎ የሚፈስ፣ ዳርና ዳሩን ሣር ያበቀለ፣ ፀሐይ ያሞቀው ውሃ ነው። ቀንድ አውጣ ከዚህ የተሻለ መኖሪያ አይመኝም። ከከምባታ፣ ከሀዲያና ከወላይታ ለሥራ የመጡት ሠራተኞችም ከነቤተ ሰባቸው በቦዩ ዳር ሰፈሩ። ልጆቹ በቦዩ ይዋኛሉ፤ እናቶች በቦዩ ያጥባሉ፤ ሠራተኛው ቀኑን ሙሉ በቦዩ ውስጥ ቆሞ ይውላል።

በ1969 ዶክተር አክሊሉ በአዋሽ ሸለቆ ስላለው ቢልሃርዚያ ሰፊ ጥናት በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት አወጡ። ጥናቱ በሸለቆው ያለውን በሽታ ከመመዝገብ አልፎ የመስኖው ልማት ሲስፋፋ ወደፊት በሕዝቡ ጤናና በኤኮኖሚው ላይ ምን ሊያስከትል እንደሚችል የሚጠይቅ ነበር። በላይኛው ሸለቆ፣ በወንጂና በመተሐራ በኩል፣ የሚገኘው አንጀትን የሚያጠቃው ዓይነት ሲሆን፣ ወደ ታች፣ በመካከለኛው አዋሽ፣ የሽንት መተላለፊያን የሚያጠቃው ዓይነት በሌላ ቀንድ አውጣ አማካይነት ይተላለፋል። ሁለቱ ዓይነቶች በአንድ ወንዝ ላይ ተከፋፍለው መገኘታቸው ግድብ ሠሪውንም ሐኪሙንም የሚመለከት ዕውቀት ነው።

እንግዲህ አንድ የወንጂ ክሊኒክ በዚያው ዘመን ሊያደርግ ይችል የነበረውን በሐሳብ እንመልከት። የክሊኒኩ ኃላፊ ዓይነ ምድራቸው ተመርምሮ ትሉ የተገኘባቸው ሠራተኞች ሁሉ በተወሰነው መመሪያ መሠረት መድኃኒት ወስደው እንደሆነ ከመዝገቡ ቢያጣራ፣ ያ የሥራ ምርመራ ነው። መመሪያው አለ፤ ጥያቄው ተፈጽሟል ወይስ አልተፈጸመም የሚል ብቻ ነው። ከመቶው አርባው መድኃኒቱን ሳይወስድ መቅረቱን አግኝቶ፣ ምክንያቱም የፈረቃ ሰዓት መሆኑን ተረድቶ፣ ክሊኒኩ በማታ እንዲከፈት ቢያደርግና በሚቀጥለው ወር እንደገና ቢቈጥር፣ ያ አገልግሎትን ማሻሻል ነው። በሁለቱም አኳኋን የሚጠቀመው ያው የተቈጠረው ሠራተኛ ነው፤ ለርሱ ከሚገባው ሕክምና የተለየ ነገር አልተደረገበትም። ነገር ግን ኃላፊው ሠራተኞቹን ከሁለት ከፍሎ፣ ግማሹን በአንድ መጠን፣ ግማሹን በሌላ መጠን መድኃኒት ቢሰጥና የትኛው እንደሚሻል ለማወቅ ቢጠባበቅ፣ ወሰኑን ተሻግሯል። ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ሠራተኛው የሚታከም ብቻ ሳይሆን፣ ሌሎች ወደፊት እንዲጠቀሙ የሚጠየቅ ሰው ሆኗል። የሚጠየቅ ሰው ደግሞ እንቢ የማለት መብት ሊኖረው ይገባል። ለአንድ ኩባንያ ተቀጥሮ፣ በኩባንያው ቤት እየኖረ፣ በኩባንያው ክሊኒክ ለሚታከም ሠራተኛ ይህ መብት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለማንም የተሰወረ አይደለም።

ማይክሮስኮፑ በሦስቱም አንድ ነው። የሚቈጠረው እንቁላልም አንድ ነው። ስለዚህ በመሣሪያው ወይም በቁጥሩ ብዛት ምርምርን ከሥራ ምርመራ ለመለየት የሚሞክር ሰው ይሳሳታል። ውጤቱ መታተሙም መለያ አይሆንም፤ ጥሩ የሥራ ምርመራ ሊታተም፣ ምርምርም በመሳቢያ ውስጥ ሊቀር ይችላል።

ወደ ዓድዋ እንመለስ። ከ1969 እስከ 1974 የዶክተር አክሊሉ ቡድን በከተማዋ ውሃዎች ላይ በእንዶድ ቀንድ አውጣን የማጥፋት ሥራ ለአምስት ዓመት አካሄደ። በሥራው መጀመሪያ ከሕዝቡ 63 በመቶው በቢልሃርዚያ ተይዞ ነበር፤ በመጨረሻው ወደ ሲሶ ያህል ወረደ። ይበልጥ የሚያስደንቀው የሕፃናቱ ነው፤ በትንንሾቹ ልጆች ዘንድ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ዝቅ አለ። የትልልቆቹ ሰዎች ትል ለዓመታት በአካላቸው ስለሚኖር የስርጭቱ መውረድ ይዘገያል፤ ሕፃናቱ ግን ሥራው ከተጀመረ በኋላ የተወለዱ ወይም ያደጉ ስለሆኑ የአዲሱን ውሃ ንጽሕና የሚመሰክሩ እነርሱ ናቸው። ሁለቱን ቁጥሮች ለያይቶ ማሳየቱ የተመራማሪውን ጥንቃቄ ይገልጻል።

ይህ ሥራ ከሦስቱ የትኛው ነበር? ለዓድዋ እናት አገልግሎት ነበር፤ ልጇ ከበሽታ ዳነ። ለማዘጋጃ ቤቱ ማሻሻያ ነበር። ለዓለም ሳይንስ ግን ምርምር ሆኖ ቀረበ፤ ምክንያቱም በዓድዋ የተገኘው በወንጂ፣ በሱዳን ወይም በብራዚል ይሠራል የሚል አሳብ ተሸክሟል። ለከተማው ቁጥሩ መውረዱ ብቻ ይበቃዋል፤ በምን ምክንያት እንደ ወረደ ቢከራከሩበት ለከተማው ሰው ብዙ አይገደውም። ከሩቅ ሆኖ የሚያነብ ተመራማሪ ግን ዝናቡ እንዴት ነበር፣ ሰዎች ፈልሰዋል ወይ፣ መድኃኒት በሌላ መንገድ ገብቷል ወይ፣ የማይታከም ተመሳሳይ ቦታስ ምን ሆነ እያለ ይጠይቃል። ጥያቄው ክፋት አይደለም፤ የምርምር ግዴታ ነው።

ዶክተር አክሊሉን ለብዙ ዓመት ያቆሰላቸው ግን ከዚህ የተለየ ጥያቄ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ1970 የእንዶድን ጥናት በራሱ መጽሔት ቢያትምም፣ የድርጅቱ አማካሪዎችና ገንዘብ ሰጪዎች ስለ መርዛማነቱ በቂ ማስረጃ የለም በማለት ሥራውን ለማስፋፋት አመነቱ። እንዶድ በኢትዮጵያ ለዘመናት ልብስ ያጠበ ተክል ነው የሚለው መልስ አላረካቸውም። በ1970ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ የመድኃኒት ተቈጣጣሪው መሥሪያ ቤት አንዳንድ የግል ላቦራቶሪዎችን ሲፈትሽ የተፈጠረና የተቀየረ ውጤት አገኘ፤ ከዚያም የተነሣ በ1978 የላቦራቶሪ ሥራ የሚመራበት ጥብቅ ደንብ አወጣ። እያንዳንዱ መለኪያ በማን፣ መቼ፣ በምን መሣሪያ እንደተወሰደ በመዝገብ መጻፍ፣ ናሙናው ሁሉ መቀመጥ፣ ከሠሪው የተለየ ሰው መፈተሽ አለበት። የእንዶድ የቀድሞ ፈተናዎች ይህ ደንብ ከመውጣቱ በፊት፣ በሌላ ሥርዓት የተሠሩ ነበሩ። ስለዚህ ብዙው እንደገና ይሠራ ተባለ።

እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ደንቡ ራሱ ምርምር አይደለም፤ የታወቀ መመዘኛ ይዞ ሥራው ተፈጽሟል ወይ ብሎ የሚፈትሽ የሥራ ምርመራ ነው፤ በምርምር ላይ የተሾመ ኦዲተር ማለት ነው። ኦዲተሩ የጠየቀው እንዶድ መርዝ ነው ወይ አልነበረም፤ ይህን የሚመልስ መዝገብ በተደነገገው መልክ ተይዟል ወይ ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች ሲምታቱ፣ መዝገቡ አልተሟላም የሚለው ፍርድ ዕውቀቱ ሐሰት ነው ወደሚል ፍርድ በቀላሉ ይለወጣል። ዶክተር አክሊሉ በኋለኛው ዘመናቸው በአደባባይ ይናገሩት እንደነበረው፣ ከገንዘብ እጦት ይልቅ የከበደባቸው በአፍሪቃ የተሠራ ሳይንስ አይታመንም የሚል ሥር የሰደደ አስተያየት ነበር። ይህ ቅሬታ ትክክል ነው። ሆኖም ደንቡን ያወጡት ሰዎች መነሻ ደግሞ የገዛ አገራቸው ላቦራቶሪዎች ማጭበርበር እንጂ አፍሪቃ አለመሆኗም እውነት ነው። በካናዳ የዓለም አቀፍ ልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ በደንቡ መሠረት የተካሄደው ፈተና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ውጤቱ ሲወጣ፣ እንዶድ ለዓሣ ጎጂና ለዓይን አቃጣይ ቢሆንም አገልግሎት ላይ ካሉት ቀንድ አውጣ ገዳዮች የባሰ አደጋ የለበትም የሚል ነበር። ከዓድዋው ወንዝ እስከዚህ መልስ ሩብ ምእት ዓመት አለፈ። በዚህ መካከል ፕራዚኳንቴል የተባለው የሚዋጥ መድኃኒት ተገኝቶ የቢልሃርዚያ መከላከያ ዘመቻ ሁሉ ከቀንድ አውጣው ወደ ክኒኑ አዞረ። የዓድዋው መንገድ ሳይሸነፍ ጊዜ ቀደመው።

በ1979 በአሜሪካ የወጣው የቤልሞንት ዘገባ ለዚህ ወሰን እስካሁን ከተሰጡት ገለጻዎች ሁሉ ታዋቂው ነው። ዘገባው የተጻፈው በአላባማ ጥቁር ገበሬዎች ላይ ከ1932 እስከ 1972 ያለ ፈቃዳቸው የተካሄደው የቂጥኝ ጥናት ከተጋለጠ በኋላ ነው። በርሱ አተረጓጎም የሙያ አገልግሎት የአንድን በሽተኛ ደኅንነት ለማሻሻል የታቀደ ሲሆን፣ ምርምር ደግሞ ከዚያ በሽተኛ አልፎ ለሁሉ የሚሆን እውቀት ለማግኘት የታቀደ ነው። ሐኪሙ ከተለመደው መንገድ ስለወጣ ብቻ ሥራው ምርምር አይሆንም፤ ነገር ግን በአንድ ሥራ ውስጥ የምርምር ጠባይ ካለበት ሥራው በሙሉ በገለልተኛ ወገን መታየት አለበት። በዚህ ሚዛን የዓድዋው ዘመቻ ሁለቱን ጠባይ የያዘ ነውና፣ ዛሬ ቢታቀድ በኖረው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፊት መቅረቡ የማይቀር ነበር።

ይህ በዛሬዎቹ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ለሚሠራ ባለሙያ ሩቅ ነገር አይደለም። አዳማ ከሆስፒታሏ ጋር የሕክምና ኮሌጅ አላት፤ ከሞጆ እስከ ዝዋይና ሻሸመኔ ያሉት የጤና ተቋማትም ብሔራዊ የጥራት ስልት በሚጠይቀው መሠረት የገዛ ሥራቸውን ይለካሉ። የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያዘጋጅ ተማሪና የወሊድ ክፍሉን የሚያሻሽል አዋላጅ ከአንድ መዝገብ ይቀዳሉ። በዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ጥፋት ይታያል። አንደኛው የሥነ ምግባር ኮሚቴን ረጅም ወረፋ ለመሸሽ እውነተኛ ምርምርን የጥራት ማሻሻል ብሎ መሰየም ነው። ሁለተኛው፣ ብዙም የማይወገዘው፣ የእጅ መታጠቢያ ውሃ መኖሩን ለማረጋገጥ እንኳ የኮሚቴ ማኅተም እስኪመጣ ድረስ መቀመጥ ነው። በመጀመሪያው በሽተኛው መብቱን ያጣል፤ በሁለተኛው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚብስ በየቦታው ቢለያይም፣ ሁለተኛውን እንደ ጥንቃቄ ቈጥሮ ማመስገን አይገባም።

ዶክተር አክሊሉ ከአብዮቱ በኋላ በ1970ዎቹ አጋማሽ ከአገር ወጥተው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሥር አገለገሉ፤ በመጨረሻም በኢጣሊያ በፍሎሬንስ ከተማ በሚገኘው የዩኒሴፍ የሕፃናት ልማት ማዕከል ምክትል ዲሬክተር ሆነው ሠሩ። እንዶድን ግን አልተዉትም። በ1989 ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት በስዊድን ተቀበሉ። በ1990 የክብር ዶክትሬት ሊቀበሉ ወደ ኦሃዮ፣ ወደ ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በሄዱ ጊዜ በሰሜን አሜሪካ ሐይቆች ገብቶ የውሃ ቱቦ የሚደፍነውን ዜብራ የተባለ ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረት በእንዶድ አስፈትነው፣ እርሱንም እንደሚገድል አሳዩ። በ1964 በዓድዋ ያደረጉትን በ1990 በቶሌዶ እንደገና አደረጉ ማለት ነው፤ ይህኛው ፈተና ግን የባለቤትነት መብት ወረቀት ለማስመዝገብ ጊዜ አልፈጀም፤ ወረቀቱም የዩኒቨርሲቲው ሆነ።

ዶክተር አክሊሉ ለማ በሚያዝያ 1997 በ61 ዓመታቸው ዐረፉ። ያቋቋሙት የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ዛሬ በስማቸው ይጠራል። በወንጂ ቦዮች ላይ የሚያጠና ሰው ሁሉ ጽሑፉን ሲጀምር ወደ 1969ኙ የአዋሽ ሸለቆ ጥናት መመለሱ አይቀርም፤ የቦዩ ዳር ልጆች ክኒኑን ከዋጡ በኋላ ለምን እንደገና እንደሚያዙም ገና እየተጠና ነው።